ጠዋት ጠዋት የሚታመመው ኮምፒውተር

የምሠራው ላፍቶ ባለች አንዲት የግል ክሊኒክ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ መርፌ ሳይ ፊቴን አዞራለሁ። ሥራዬ ኮምፒውተሮቹ ናቸው። ካርድ ክፍል አንድ፣ ምርመራ ክፍሎቹ ውስጥ ሦስት፣ ላቦራቶሪ አንድ፣ መድኃኒት ቤት አንድ አሉ። ከደረጃው ሥር፣ ድሮ መጥረጊያና በረኪና ይቀመጥባት በነበረች ክፍል ደግሞ ሁሉንም የሚያገናኘው ሰርቨር አለ። የእኔም ቢሮ እዚያችው ናት። ቁጭ ስል ጉልበቴ ሰርቨሩን ይነካዋል።

ከዚህ ሌላ ደመወዝ የሌለው ሥራ አለኝ። የክሊኒኩ ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት ኮዱ ለማንም ክፍት በሆነ፣ የፈለገ ሰው በነፃ አውርዶ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው በሚችል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። የሚያዘጋጁት በየአገሩ የተበተኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንዳቸውንም በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ የምንገናኘው በኢሜይል ነው። አዲስ ነገር ሲሠሩ ለሕዝብ ከመልቀቃቸው በፊት እኔን መሰሎቹ በየማሽኖቻችን ላይ እንጭነውና ሠራ አልሠራም ብለን እንጽፋለን። እናቴ ይህን ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ፣ «የሰው ወጥ ጨው ቀማሽ ናት፤ ምሳ ግን አይሰጧትም» ትላለች። እኔም ብስጭት እያልኩ እስቃለሁ።

ግንቦት ላይ እንድንሞክር የተላከልን መመስጠሪያው ላይብረሪ ነበር። ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው የማስረዳው፦ ሁለት ኮምፒውተሮች ሲነጋገሩ መሐል ላይ ያለ ሰው እንዳይሰማቸው ወሬያቸው መቆለፍ አለበት። ይህን የሚቆልፈውና የሚከፍተው ኮድ አንድ ቦታ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ ፕሮግራሞች የየራሳቸውን ቁልፍ ከመሥራት ከእሱ ይዋሳሉ፤ ላይብረሪ የምንለው እሱን ነው። ኮምፒውተሮቹ ወሬ ከመጀመራቸው በፊት መታወቂያ ይጠያየቃሉ፤ ሰርተፍኬት እንለዋለን። ከዚህን ጊዜ እስከዚህን ጊዜ ያገለግላል የሚል ተጽፎበታል። ይኼ ላይብረሪ ከተበላሸ የሚተርፍ ነገር የለም። ስለዚህ አዲስ ቅጂ ሲመጣ ሁላችንም ትንሽ እንፈራለን።

ቅዳሜ ጠዋት ለቡ መብራት ኃይል፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ በራሴ ላፕቶፕ ሞከርኩት። ሰፈሩ መብራት ኃይል ይባል እንጂ መብራቱ ሁለት ጊዜ ሄዶ መጣ። ላይብረሪው ግን እንከን አልተገኘበትም። ከአዲሱ ቅጂ ጋር ምን ምን እንደተለወጠ የሚዘረዝር ጽሑፍ አብሮ ይመጣል። ረጅም ነው። አንብቤዋለሁ ብዬ ብምል ውሸቴን ነው፤ እንደ ቤት ኪራይ ውል ነው ያየሁት፤ መጀመሪያውንና መጨረሻውን። «ሠርቷል» ብዬ ጻፍኩና ልብሴን ወደማጠቡ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ኢሜይል መጣ። አሮጌ ማሽን ላይ የሞከረው ሰው ስለሌለ ያለው ካለ ይተባበረን ይላል። አሮጌ ማሽን ሲባል ወዲያው ፊቴ የመጣው የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ነው። እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። ሰው ሥራ የሚሠራበት ማሽን ላይ ያልተለቀቀ ነገር አይሞከርም። ይህን ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ አፌ አያርፍም ነበር። ግን የእኔን ቃል የሚጠብቁ ሰዎች መኖራቸው ደስ አለኝ፤ አዎ፣ ጉራ ነው። ለማንም ሳልናገር ሰኞ ልጭነው ወሰንኩ።

ያ ኮምፒውተር ከክሊኒኩ በዕድሜ ይበልጣል። ሲነሳ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል። ሰዓቱን የምትይዝለት ክብ ትንሽ ባትሪ ውስጡ አለች፤ እሷ ከሞተች ቆይታለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ይጠፋዋል። ከኢንተርኔት ጋር ስላላገናኘሁት ደግሞ በራሱ አያስተካክልም። ባትሪዋን መቀየር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ነገ ዛሬ እያልኩ ዓመት ሞላኝ። በየጊዜው ከደረጃ ሥር እየወጣሁ ሰዓት መሙላት ሲሰለቸኝ ለካርድ ክፍሏ ሠራተኛ አሳየኋቸውና፣ ከእንግዲህ እርስዎ ይሙሉት ብያቸው ተገላገልኩ።

እሳቸውን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ወደ ሃምሳ ዓመት ይሆናቸዋል። ቤታቸው መካኒሳ ነው፤ በሁለት ታክሲ ይመጣሉ፤ አርፍደው አያውቁም። ባለቤታቸው የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ጀርባቸውን ከታመሙ ወዲህ ከቤት አይወጡም። ቤቱ የሚተዳደረው በእትዬ ሥራ ነው። ይህን የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም፤ እሳቸው ስለ ቤታቸው አያወሩም። የሰማሁት ከአንዷ ነርሳችን ነው።

ያን ጊዜ በእትዬ ፋይል ውስጥ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። መስከረም ላይ እኔ አንድ ፕሮግራም ሠራሁ። በሽተኛው ካርድ ሲያወጣ ኮምፒውተሩ ስንት ሰው ከፊቱ እንዳለ ቆጥሮ፣ ተራው በስንት ሰዓት እንደሚደርስ አስልቶ ትንሽ ወረቀት ያትምለታል። ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተኮልኩሎ ከሚውል ጉዳዩን ፈጽሞ ይመለስ ብዬ ነው። በጣም ኮርቼበት ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን የሚታተመው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ «9:15» ይላል። የላፍቶ ነባር ገበሬዎች አሉ፤ መሬቱ ኮንዶሚኒየም ከሆነ በኋላም ጓሮ ጎመንና ላም ያልተዉ ሰዎች። ወረቀቱን ተቀብለው ይሄዱና ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከች ይላሉ። የተባሉት ግን ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው። ተራቸው አልፏል፤ አንዳንዴ ሐኪሙም ሄዷል። ጠቡ ታዲያ ከእኔ ጋር አልነበረም፤ እኔ ከደረጃ ሥር ነኝ። መስኮቱ ላይ ያሉት እትዬ ናቸው።

የክሊኒኩ ባለቤት ሐኪም ነው፤ የእኔ እኩያ ስለሆነ አንተ አንቺ እንባባላለን። ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው። ኅዳር ላይ አንድ አዛውንት መስኮቱ ሥር ቆመው ሲጮሁ ደረሰና በዚያው ቀን ለእትዬ ደብዳቤ ጻፈ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ጩኸት ካጋጠመ ሥራ እንደሚለቁ ተጽፎበታል። በዚያ ሰሞን ደግሞ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አንድ ልጅ የማይነካ ነገር ነክቶ ስላስቸገረን፣ ከእኔ በስተቀር የኮምፒውተር ማስተካከያ የነካ ሰው ይሰናበታል የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ለእትዬ ሰዓት እንዲሞሉ የነገርኳቸው ይህ ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት ነው፤ ከተለጠፈም በኋላ ግን ተዉት አላልኳቸውም። ከጥር ወዲህ የሰዓቱ ቅሬታ ጨርሶ ቆመ። እኔም በልቤ፣ ይኸው ለመዱት አልኩ።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ሰርቨሩን አስነሳሁ፤ አዲሱን ላይብረሪ በፍላሽ ይዤ ካርድ ክፍል ገባሁና ጫንኩት። እትዬ ሁለት ሰዓት ላይ መስኮቱን ከፍተው የመጀመሪያዋን ሴትዮ ስም ሲጽፉ ኮምፒውተሩ «ግንኙነት የለም» አለ። በቃ፣ ይህን ብቻ። ዝርዝሩን የማይናገረው እኔ ራሴ የጻፍኩት ፕሮግራም ስለሆነ የምሰድበው ሰው አልነበረኝም።

የእኛ ሙያ ሰው መመስጠሪያ እምቢ ሲለው መጀመሪያ የሚያየው ሰዓት ነው። እኔም መጀመሪያ ያየሁት ሰዓቱን ነው። 2:10 ይላል። ልክ ነው፤ ሁለት ሰዓት ከአሥር ነበር። ቀኑም ልክ ነው። ወደ ገመዱ ሄድኩ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ማሽኑን አጥፍቼ አስነሳሁ፣ ሰርቨሩን አየሁ። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሁሉ ደህና ናቸው። እትዬ መሳቢያቸውን ከፍተው የድሮውን የወረቀት ካርድ አወጡና በእጃቸው መጻፍ ጀመሩ። ሰልፉ በሩን አልፎ እስከ መንገዱ ደረሰ። ልጅ ያዘለች አንዲት እናት የት እንድትቀመጥ ትጠይቀኝ ነበር፤ እኔ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ ገመድ እየቆጠርኩ ነው።

ከምሳ ስንመለስ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ኮምፒውተሩ በራሱ ዳነ። ምንም አልነካሁትም። እስከ ማታ እንደ ሰው ሠራ።

ማክሰኞ ጠዋት እንደገና ታመመ። ያው «ግንኙነት የለም»፣ ያው ሰልፍ። ሰዓቱን አየሁ፤ 2:40፤ ሁለት ከአርባ ነው። ደሜ ፈላ። አሮጌውን ላይብረሪ መልሼ ስጭን ወዲያው ሠራ። ስለዚህ ጥፋተኛው አዲሱ ላይብረሪ ነው አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል?

በዚህ መሐል የክሊኒኩ ባለቤት፣ ዶክተሩ፣ መጣ። ሰልፉን አየ፣ በእጅ የተጻፉትን ካርዶች አየ፣ እትዬን አየ። ወደ ኮሪደሩ ጠራኝና ካርድ ክፍል ምን ተነክቶ ነው አለኝ። እኔ ነኝ፣ ያልተለቀቀ ነገር ስሞክር ነው ማለት ነበረብኝ። አፌ አልታዘዝ አለኝ። እያጣራሁ ነው አልኩት። እስከ ዓርብ በጽሑፍ አምጪልኝ አለ፤ ካርድ ክፍል ያለችው ነክታው ከሆነ ሁለተኛው ደብዳቤ ዝግጁ ነው አለ። መስኮቱ ክፍት ነበር። እትዬ መስማታቸውን ያወቅሁት ብዕራቸው ስለቆመ ነው።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ለበጎ ፈቃደኞቹ ሪፖርት ስጽፍ ዋልኩ። ጠዋት ታሞ ከምሳ በኋላ የሚድነው ለምን እንደሆነ ደርሼበት ነበር፤ ወይም የደረስኩበት መስሎኝ ነበር። ለመቆለፍ ማንም ሊገምታቸው የማይችል ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፤ ኮምፒውተሩም ከቁልፍ ምት፣ ከዲስክ እንቅስቃሴ፣ ከዚህም ከዚያም እየለቃቀመ ያጠራቅማቸዋል። አሮጌ ማሽን ቀስ ብሎ ነው የሚያጠራቅመው። አዲሱ ላይብረሪ ብዙ ይፈልጋል፤ ይኼ ምስኪን ደግሞ እስከ ምሳ ድረስ አይሞላለትም አልኩ። ያምራል አይደል? እኔም አምሮኝ ነበር። የሁለቱን ቀን መዝገብ፣ ማሽኑ ምን በስንት ሰዓት እንዳደረገ የሚጽፈውን፣ አያያዝኩላቸው። መጨረሻው ላይ ደግሞ ስብከት ጨመርኩበት፤ ዓለም ላይ አዲስ ኮምፒውተር መግዛት የማይችል ስንት አገር አለ፣ ስትሠሩ እኛንም አስቡን ብዬ ጻፍኩ። ዛሬ ያቺን አንቀጽ ሳስታውስ ጆሮዬ ይግላል።

በአንድ ሰዓት ውስጥ መልስ መጣ። መልቀቁን አቆሙት። በእኔ ሪፖርት ምክንያት ማለት ነው። ሁለት ሰዎች ሌላ ሥራቸውን ትተው ያንን ኮድ መስመር በመስመር መፈተሽ ጀመሩ። ኩራቴ ጣሪያ ነካ። ለዶክተሩ የምሰጠውንም ጽሑፍ ያን ዕለት ጨረስኩ፤ ችግሩ የሶፍትዌር ነው፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ እጅ የለበትም ይላል። ለእትዬ አነበብኩላቸውና አይጨነቁ አልኳቸው። ተባረኪ አሉኝ፤ ግን ፊታቸው አልተፈታም። ደክሟቸው ነው አልኩ።

ሐሙስ ከምሳ በፊት ከሚፈትሹት አንዱ ጻፈልኝ። ቁጥሮቹ ሲጠራቀሙ አይቻለሁ፣ በበቂ ሁኔታ ይሞላሉ፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ይመስለኛል፣ ዝርዝሩን ብትልኪልኝ ይላል። ቀጥሎ ደግሞ፣ በትሕትና፣ ከሥራው ጋር የማይገናኝ ነገር ልበልሽ አለኝ። መዝገቡ ላይ እንዳየሁት ሰኞ ከሌሊቱ 2:10 ላይ፣ ማክሰኞም 2:40 ላይ ነው የሠራሽው፤ እባክሽ ለእኛ ብለሽ እንቅልፍ አትጪ፣ እኛ እንጠብቅሻለን ይላል።

ከት ብዬ ሳቅሁ። የምን ሌሊት! ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሰው ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ሁለት ከአርባ ጠዋት ላይ ነው እንጂ ብዬ ልመልስለት እጄን ዘረጋሁ። ዘርግቼ ቀረሁ። ኮምፒውተር ሁለት ከአርባ ሲል ሌሊት ነው። ጠዋቱን ስምንት ከአርባ ነው የሚለው። ክው አልኩ።

ስልኬ ላይ 8:40 ሳይ ጭንቅላቴ ሳይጠይቀኝ ሁለት ከአርባ ይላል፤ እዚህ አገር ያደገ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው። የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ 2:40 ሳይ ያው ሁለት ከአርባ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ያንን ሰዓት እያየሁ ልክ ነው፣ ልክ ነው ስል ነበር። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ሰዓት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ እኔ ግን የቤቴ ሰዓት ስለሆነ አላየሁትም። ሰርቨሩ ሁልጊዜ ሥራ ሲጀመር፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ለዕለቱ አዲስ ሰርተፍኬት ያወጣል፤ ሰርተፍኬቱ ላይ በፈረንጅ ሰዓት ከ7:30 ጀምሮ ያገለግላል ይላል። የካርድ ክፍሉ ማሽን ግን በእሱ ሰዓት ገና 2:00 ስለሆነ ይህ መታወቂያ ገና አልጀመረም ብሎ ይመልሰዋል። የእሱ ሰዓት 7:30 የሚሞላው ከምሳ በኋላ፣ በእኛ ሰባት ተኩል ላይ ነው፤ ያኔ ይቀበለዋል፤ ዳነ ማለት ነው። አሮጌው ላይብረሪ የማብቂያውን ጊዜ እንጂ የመጀመሪያውን አጥብቆ አያይም ነበር። አዲሱ አጥብቆ ያያል። ይህ ለውጥ፣ እኔ ዘልዬ ባለፍኩት ዝርዝር መሐል ላይ፣ በአንዲት መስመር ተጽፏል።

ካርድ ክፍል ስገባ እትዬ ምሳ ዕቃቸውን እየከፈቱ ነበር። በሩን ዘጋሁት። ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር የሞሉት እርስዎ ነዎት ወይ አልኳቸው። አልካዱም። ምሳ ዕቃውን መልሰው ከደኑና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ከጥር ጀምሮ» አሉ። «ምን ላድርግ? ወረቀቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ዘጠኝ ይላል። ሰው እኔን ይሰድባል። ማሽኑ ሦስት ሰዓት መሆኑን ሲያውቅ ወረቀቱም ሦስት ይላል። አየሽ፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው ተራው አላለፈውም።»

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ንዴት እንጂ ሌላ ነገር አልታየኝም።

ትክ ብለው አዩኝ። «ሦስት ጊዜ ነግሬሻለሁ የኔ እህት። መጀመሪያ ጥቅምት ላይ። ሁለተኛ ጊዜ፣ ያ የኅዳሩ ደብዳቤ የተሰጠኝ ቀን። ሦስተኛ በገና ሰሞን። ይለምዱታል አልሽኝ።»

ብያለሁ። እንዴት እንዳልኩትም አስታወስኩ፤ አንዴ ስልኬን እያየሁ፣ አንዴ ደረጃው ላይ ሳልቆም። እሳቸው ግን አልተቆጡኝም። ሰኞ ጠዋት ማሽኑ እምቢ ሲል ወዲያው የራሳቸው እጅ እንዳለበት ጠርጥረው ነበር፤ ሰዓቱን ልመልስ ሲሉ እኔ አልነሳ አልኩ፤ ቀኑን ሙሉ ማሽኑ ላይ ነበርኩ። ማክሰኞ ደግሞ ዶክተሩ ያለውን ሰሙ። ከዚያ በኋላ ልንገርሽ እያልኩ ፈርቼ ነው አሉ። ቤት ያሉትን ሰውዬ አስበው እንደሆነ ገባኝ። ይሄኔ ነው እንባዬ የመጣው፤ እሳቸው ፊት ግን አላለቀስኩም።

ለበጎ ፈቃደኞቹ ያንኑ ከሰዓት ጻፍኩ። የጻፍኩት ሁሉም በሚያነበው ቦታ ነው፤ ስሕተቱን ሁሉም በሚያነበው ቦታ ስለተናገርኩ። እዚህ አገር ሰዓት የሚቆጠረው ፀሐይ ከምትወጣበት ጀምሮ ነው፣ ስለዚህ የእኛ ሁለት የእናንተ ስምንት ነው፣ ላይብረሪያችሁ ምንም የለበትም፣ በእኔ ምክንያት ሁለት ሰዎች ሁለት ቀን ባክነዋል፣ ይቅርታ አልኩ። ስለ ድሃ አገር የሰበክሁትንም መልሼ ዋጥሁት። አንዱ ይህ አቆጣጠር ከኮምፒውተሩ ይሻላል ብሎ ጻፈ። ሌላው፣ ሳይለቀቅ የተገኘ ስሕተት ጥሩ ስሕተት ነው አለ፤ ምንም እንኳ የላይብረሪው ባይሆንም። በማግስቱ ለቀቁት። እኔም ሄጄ ባትሪዋን ገዛሁ።

የቀረው ዓርብ ነው። ያንን የረቡዑን ጽሑፍ ቀደድኩና አዲስ ጻፍኩ። ያልተለቀቀ ላይብረሪ መጫኔን አልደበቅኩም። ሰዓቱን ግን የሞላሁት እኔ ነኝ ብዬ ጻፍኩ፤ በስሕተት በሐበሻ አቆጣጠር ሞልቼው ነው አልኩ። ማስታወቂያው ከእኔ በስተቀር የነካ ይሰናበታል ነው የሚለው፤ እኔን አይመለከትም። እትዬ ይተርፋሉ። ልነግራቸውም አላሰብኩም፤ ውለታ የሠራሁ መስሎኝ ሌሊቱን በሰላም ተኛሁ።

ዶክተሩ እኔ ፊቱ ቆሜ ሳለሁ ጽሑፌን አነበበው። አንቺን የመሰለ ሰው እንዴት ሰዓት ይሳሳታል ብሎ ትንሽ ሳቀ። ሁለተኛውን ደብዳቤ ከመሳቢያ አውጥቶ ቀደደና እንግዲህ አልቋል አለኝ። ልወጣ ስዞር እትዬ በሩ ላይ ናቸው። ሁሉን ሰምተዋል። ነጩን ጋዋናቸውን እስከ ላይ ቆልፈውታል።

«ዶክተር፣ ሰዓቱን የሞላሁት እኔ ነኝ» አሉ። «እሷ አይደለችም። ሳላውቅም አይደለም፤ አውቄ ነው።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ምነው ዝም ቢሉ አልኩ በሆዴ። ዶክተሩ ከወንበሩ ቀና ብሎ ለምን አላቸው። እትዬም ነገሩን ከጥቅምት ጀምሮ አንድ በአንድ ነገሩት፤ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም። ሲጨርሱ ከመቼ ጀምሮ ነው አላቸው። ከጥር አሉ። የቅሬታ መዝገቡን ከመደርደሪያ አውርዶ ገለጠው፤ ታኅሣሥን ገጽ በገጽ አየ፣ ጥርን አየ፣ የካቲትን አየ። ከጥር ወዲህ ስለ ሰዓት የተጻፈ የለም። መዝገቡን ዘጋና ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ።

«ይሂዱ እትዬ፣ ሰው እየጠበቀዎት ነው» አላቸው፤ በአክብሮት ነው ያላቸው።

እትዬ አልሄዱም። «አመሰግናለሁ ዶክተር። ግን ያ የኅዳሩ ደብዳቤ ፋይሌ ውስጥ አለ። እሱም የኔ አይደለም።»

እኔ እሳቸውን ከሁለተኛው ደብዳቤ ለማዳን ስዋሽ፣ የመጀመሪያው የማን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም ነበር። ስድስት ወር ሙሉ፣ ጠዋት በሁለት ታክሲ ሲመጡ፣ መስኮቱን ሲከፍቱ፣ ለባላቸው ምሳ ከድነው ሲወጡ፣ ያንን ደብዳቤ ተሸክመው ነበር። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። እውነታቸውን ነው፣ የኔ ጥፋት ነው አልኩት። ቃሉ ሲወጣ ያን ያህል አልከበደኝም፤ የከበደኝ ቀና ብዬ እሳቸውን ማየቱ ነው።

ዶክተሩ ፋይሉን አስመጥቶ ደብዳቤውን ነቀለና ለእትዬ ሰጣቸው። ቆመው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ይቀዱታል ብዬ ጠበቅሁ። አልቀደዱትም። በሥርዓት ለሁለት አጥፈው ወደ እኔ ዘረጉት። እኔም ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው።